ዕቃው እዚሁ ነው፦ ስለ ሚ-8 ሞዴል ለተጻፈው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ሞዴል የምንሠራ ሰዎች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ስለ ሚ-8 ወታደራዊ ሄሊኮፕተር ሞዴል ነው፤ በ1 ለ 72 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ፣ የሚሸጠውን ኪት (በሳጥን የሚመጣ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል) ለሚገጣጥም ጀማሪ ምክር ይሰጣል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ከውጭ የሚመጣ የናስና የሬዚን ማሟያ ካልገዛችሁ ዝርዝር ሥራ ውስጥ አትግቡ። ከሳጥኑ የወጣውን እንዳለ ገጣጥሙት። ከአንድ ሜትር ርቀት ምንም ስለማይታይ መስታወቱን ጥቁር ቀቡትና ገላገሉት። ሁሉንም በሱፐር ግሉ አጣብቁ። የአገራችን ሄሊኮፕተር እንዲመስል ዝገት አብዙበት። ፎቶ ካስፈለጋችሁ አየር ማረፊያው አጥር ጋ ሄዳችሁ አንሱ። ከዚያ ደግሞ እዚህ ከተማ ትንንሽ ነገር በልክ የመሥራት ልማድ የለም፣ ነገሩም የጦር መሣሪያ ስለሆነ ልጆች ባይነኩት ይሻላል ብሎ ይጨርሳል።

ጸሐፊው ክፉ አስቦ እንዳልጻፈው ይገባኛል። ጀማሪ ገንዘቡን ከስክሶ ተስፋ ቆርጦ እንዳይተወው ሰግቶ ነው። ግን ምክሩን እንዳለ የተከተለ ሰው ከሥራው ዋናውን ነገር ያጣል። ዝርዝር ሥራ ማለት ዕቃ መግዛት አይደለም። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ገብቶህ፣ የገባህን በእጅህ ባለው ነገር መልሰህ መሥራት ነው። ይህን ደግሞ ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ መሥራት ይቻላል፤ ስለምወደው ሥራም ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከማሟያው ልጀምር። በኬሚካል ተቆርጠው የሚመጡት ስስ የናስ ቁርጥራጮች ጥሩ ናቸው፣ አልክድም። የመቀመጫ ቀበቶ፣ ወንፊት፣ የመሣሪያ ሰሌዳ በነሱ ያምራል። ግን ናሱ ጠፍጣፋ ላሜራ ነው፤ ከጠፍጣፋ ላሜራ የወጣ ነገር ስታጥፈውም ስትቀባውም ጠፍጣፋነቱ አይለቀውም። ሄሊኮፕተር ላይ ዓይን የሚይዘው ደግሞ በአብዛኛው ክብ ነገር ነው፦ ቱቦው፣ ዘንጉ፣ የዘይት መስመሩ፣ አንቴናው። እነዚህን ማሟያውን የገዛም ያልገዛም ሰው ለብቻው መሥራቱ አይቀርም።

እስቲ እናስላው። የለስላሳ ጣሳ ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወፍራል። በ72 ስታባዙት 7 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የኪቱ ፕላስቲክ 1 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ በ72 ሲባዛ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚወፍር በር ያለው ሄሊኮፕተር ሠራችሁ ማለት ነው። የእውነተኛው ቆዳ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው የሚቆጠረው። እንግዲህ የትኛው ነው ለእውነቱ የሚቀርበው? ካፌ ጠረጴዛ ላይ የተተወው ጣሳ ነው። የጣሳው አንደኛው ጎን ላይ የታተመ ቀለም፣ ሌላው ላይ ደግሞ ስስ ሽፋን አለ፤ ሁለቱንም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ካላሻችኋቸው ሙጫም ቀለምም አይዝም። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ጓንት አድርጉ።

ሌላም አለ። ሲም ካርድ ስትገዙ ሲሟ የምትነቀልበት ፕላስቲክ ካርድ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁላችንም እንጥለዋለን። ለሳጥን፣ ለመደርደሪያ፣ ለመቀመጫ ሥር፣ ለሮተሩ (ለሚዞሩት ክንፎች) እምብርት ከሱ የተሻለ ነገር አላውቅም። የተበላሸ የቻርጀር ገመድ ስትሰነጥቁት በጣም ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ይወጣሉ፤ ስልክ ጠጋኞቹ ጋ ብትጠይቁ ጥግ ላይ ተከምሮ ታገኙታላችሁ፣ እነሱም ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጧችሁ። ከዚያም የቀጠኑ መስመሮች፣ ለምሳሌ ከጅራቱ ጎን በትንንሽ ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋው የአንቴና ሽቦ፣ የኪቱ ክፍሎች ተያይዘው የሚመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ ሻማ ላይ አሙቆ ቀስ ብሎ በመሳብ ይሠራሉ። ዋጋቸው የሻማ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን መርፌው ነው። ሚ-8ቲ የሚባለው ወታደራዊ ሥሪት በጎኑ ዩቢ-16 የሚባሉ 4 የሮኬት መያዣዎችን መሸከም ይችላል። እያንዳንዳቸው 16 ቱቦ አላቸው፤ ሮኬቱ 57 ሚሊ ሜትር ነው። 57ን ለ72 አካፍሉት። 0.79 ይመጣል። ፋርማሲ ሄዳችሁ አረንጓዴ አንገት ያለውን መርፌ ግዙ፤ ባለ 21 ቁጥር የሚባለው ነው፣ የውጭ ስፋቱ 0.8 ሚሊ ሜትር። ማን አሰበው? ቀለሙ ዓለም አቀፍ መለያ ስለሆነ የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን አረንጓዴው 0.8 ነው፣ ጥቁሩ 0.7፣ ሰማያዊው 0.6። ከኪቱ ጋር የሚመጣው መያዣ ፊቱ ድፍን ነው፤ ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ጉድጓድ ሆነው ነው የታተሙት። እሱን ቆርጣችሁ 16 የመርፌ ቁራጭ ስትደረድሩበት ብርሃን ወደ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ጥልቀት ያለው ነገር ይሆናል። አቆራረጡ ላይ ብቻ ተጠንቀቁ። በጉጠት ከጨመቃችሁት አፉ ይደፈጠጣል። ውስጡ ቀጭን የብረት ሽቦ ከታችሁ፣ ከላይ በሞረድ ዙሪያውን ገዝግዛችሁ፣ ከዚያ ስብር ማድረግ ነው። አደራ፣ አዲስ መርፌ ብቻ። ከጤና ጣቢያ ቆሻሻ የተለቀመ መርፌ ለሞዴል ተብሎ አይነካም።

ከሳጥኑ የወጣውን አትንኩ የሚለውን ደግሞ ጠንከር አድርጌ እቃወማለሁ፤ በተለይ ሮተሩ ላይ።

የሚ-8 ዋና ሮተር ስፋቱ 21.29 ሜትር ነው፣ 5 ክንፍ አለው። በ1 ለ 72 ሲሆን 29.6 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የሰውነቱ ርዝመት ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ማለት መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጡት ከሁሉ በፊት የሚታየው ሮተሩ ነው፤ ቤታችሁ የመጣ ሰው ከላይ ቁልቁል ሲያይ ሌላ ምንም አያይም። ጽሑፉ ግን ስለ ሮተር የሚለው በሦስት መስመር ያልቃል፤ ከሦስቱም ሁለቱ ስህተት ናቸው።

ኪቱ ውስጥ ክንፎቹ ቀጥ ብለው ነው የሚመጡት። መሬት ላይ የቆመ ሚ-8 ክንፎቹ በክብደታቸው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሄሊኮፕተሩ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክንፉ ቀጥ ካለ ዓይን ወዲያው ይጠራጠራል፣ ምክንያቱን ባያውቅም። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ጫፉን ብቻ ጎንበስ ያደርጋል። እንደሱ አይደለም። አንድ ጫፉ ተይዞ ሌላው የተለቀቀ ነገር በራሱ ክብደት ሲጎብጥ ትልቁ ጫና ያለው ሥሩ ጋ ነው፤ ስለዚህ ጉብጠቱ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየላላ ይመጣል፣ ጫፉ ራሱ ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ዝቅ ያለ ቢሆንም። ይህን አንዴ ካያችሁ መቼም አትረሱትም።

ማጉበጡ ላይ ለኛ ከተማ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የሚመጡት መመሪያዎች የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት ይላሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃችን 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። የኪት ፕላስቲክ የሚለሰልሰው ወደ 100 በሚጠጋ ሙቀት ነው። ስለዚህ አንዴ ነክራችሁ አልታዘዝ ቢላችሁ ጉልበት አትጨምሩ፤ ይሰበራል። ደጋግማችሁ ንከሩ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ በጣታችሁ ግፉት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከታችሁ አጽኑት። አምስቱም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ካርቶን ላይ ቅስቱን ሥላችሁ እያመሳከራችሁ ሥሩ።

ክንፉን ስትገጥሙ ወፍራሙ ጠርዝ ወደ የት ነው? የሚ-8 ሮተር ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው፤ ወፍራሙ ጠርዝ ወደ ዙረቱ ይቀድማል። ተገልብጦ የተገጠመ ሮተር ያለው በጣም ያማረ ሞዴል አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ዘንጉ ራሱም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ 4 ዲግሪ ተኩል ወደ ፊት ያዘነብላል። የጅራቱን ሮተር ደግሞ ጽሑፉ በየትኛውም ጎን ብትገጥሙት ለውጥ የለውም ይላል። አለው። በሚ-8ቲ ላይ በቀኝ ነው፤ ኋላ በመጣው ሚ-17 ላይ ወደ ግራ ዞሯል። የሁለቱ ሞተርም ይለያያል፦ የመጀመሪያው ቲቪ2-117፣ የኋለኛው ቲቪ3-117። ሚ-8 የሚል ጽሑፍ ለጥፋችሁ ጅራቱን በግራ ብታደርጉት የሚያውቅ ሰው ሞዴላችሁ ፊት ቆሞ ግራ ይጋባል።

አሁን ወደ እምብርቱ እንምጣ። ክንፎቹ የተያዙበት መሐሉ ማለቴ ነው። ኪቱ ላይ ድቡልቡል ነገር ነው። እውነተኛው ላይ ግን እያንዳንዱ ክንፍ ሦስት መታጠፊያ አለው፦ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንቀሳቅሰው፣ በራሱ ላይ የሚያጠማዝዘው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን እንቅስቃሴ የሚያረግብ የሃይድሮሊክ ማርገቢያ በየክንፉ አለ። ከሥር ደግሞ ፓይለቱ እጀታውን ሲያንቀሳቅስ የሚያዘነብል ሳህን አለ፣ ከሱ ወደ እያንዳንዱ ክንፍ አንድ አንድ ዘንግ ይወጣል። ይህን ከተረዳችሁ አሠራሩ ራሱ ይመጣል። ከሲም ካርዱ ፕላስቲክ ክብ ቁረጡ። ወረቀት ላይ በፕሮትራክተር በየ72 ዲግሪው አምስት መስመር አውጡና ክቡን መሐሉ ላይ አስቀምጡት። ክንዶቹን ከሰማያዊው መርፌ ሥሩ። ማርገቢያው ውስጡ ሽቦ የገባበት የጥቁሩ መርፌ ቁራጭ ነው፤ ሽቦው ትንሽ ወጣ ብሎ ሲታይ ፒስተን ይሆናል። ዘንጎቹ የመዳብ ሽቦ። ሲያልቅ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም፤ ግን ከየትኛውም አቅጣጫ ስታዩት ምን ምንን እንደሚገፋ ትከተላላችሁ። ይህን የሚያህል ደስታ በገንዘብ የሚገዛ ማሟያ አይሰጥም።

ከጅራቱ ሮተር ሌላ ስህተት ያልኩት መስመር ይኸውላችሁ። ክንፉ ሥር ላይ ቀይ ነጥብ አድርጉ፣ ያምራል ይላል። የክንፉ ዋና ምሰሶ ከአልሙኒየም የተሠራ ውስጡ ባዶ ነገር ነው፤ ከኋላው 21 ቁርጥራጭ ክፍሎች ተደርድረው ተያይዘውበታል። ባዶው ውስጥ የታመቀ አየር አለ። ምሰሶው ከተሰነጠቀ አየሩ ይወጣል፣ ሥሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጠቋሚም ቀይ ታሳያለች። ማለትም ቀይ ከታየ ያ ክንፍ ችግር አለበት፣ ሄሊኮፕተሩም አይነሳም። አምስቱም ላይ ቀይ ነጥብ ያለው ሞዴል መብረር የሌለበት ሄሊኮፕተር ነው። ነጥቧን ተዉአት። ይልቅ 21ዱን ክፍልፋዮች በተሳለ እርሳስ በስሱ አስምሩ፤ ከቀለም በኋላ ሲታይ በጣም ደስ ይላል።

ከአንድ ሜትር አይታይም ለሚለው ነገር መልሴ አጭር ነው። ሞዴልን ሰው ከአንድ ሜትር አያይም። ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንዴም አንስቶ ነው የሚያየው። ሚ-8 ደግሞ አፍንጫው እንዳለ መስታወት ነው። ጥቁር ስትቀቡት ፊቱን ነው የምትሸፍኑት። ውስጡ በግራ ዋናው ፓይለት፣ በቀኝ ረዳቱ፣ መሐል በሩ ላይ የበረራ መሐንዲሱ ይቀመጣሉ። ፔዳሉ በታችኛው መስታወት በኩል ይታያል። ሙቀት ስለሚበዛ ለሠራተኞቹ የተገጠሙ ትንንሽ ማራገቢያዎችም አሉ። የማራገቢያውን ክብ ለመሥራት የመዳብ ክሩን መርፌ ላይ አንድ ዙር ጠምጥማችሁ በምላጭ መቁረጥ ይበቃል። ከኋላ ሁለት ተከፋች ትላልቅ በሮች አሉት፤ ከፍታችሁ ብትተዉት 24 ወታደር ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ክፍል ይታያል። የዳር መቀመጫዎቹን ከሲም ካርድና ከሽቦ ሥሩ፤ ጨርቁን ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ የሚወጣው ስስ ወረቀት ይተካዋል። ወታደራዊው ሥሪት ክብ መስኮት፣ የመንገደኛው ባለ አራት ማዕዘን መስኮት እንዳለው እግረ መንገዴን ላስታውስ፤ ኪት ስትመርጡ እዩት።

ሱፐር ግሉ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለብረትና ለፕላስቲክ ማያያዣ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። መስታወት አጠገብ ግን በፍጹም አይሆንም። ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ግልጹን ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጉም ያለብሰዋል፣ ያ ጉም ከውስጥ በኩል ከሆነ አይጠረግም። ለመስታወት የእንጨት ኮላ ተጠቀሙ፤ ሲቀባ ነጭ ነው፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ የተረፈው በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል። ትንንሾቹን መስኮቶች እንዲያውም በኮላ ብቻ መዝጋት ይቻላል፤ በስቴኪኒ ጫፍ ዙሪያውን አስነክታችሁ ስትስቡት ልክ እንደ አረፋ ይወጠርና ይደርቃል። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ስለሆነ ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ላላችሁ፣ ቦታውን ሳታስተካክሉ ሊይዝባችሁ ይችላል። ስፕሬይ ቀለምም እንዲሁ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ነጭ ደመና ያወጣል። ጠዋት ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ያን ቀን አትርጩ፤ እምብርቱን ሥሩበት።

ዝገቱን ግን እባካችሁ ተዉት። የሄሊኮፕተሩ ቆዳ የአልሙኒየም ቅይጥ ነው። አልሙኒየም ቀይ ዝገት አያወጣም። ሰውነቱን እንዳለ በቡናማ ቀለም ያጨማለቀ ሰው የአገራችንን ሄሊኮፕተር አላሳየም፤ ምንም ዓይነት ሄሊኮፕተር አላሳየም። ያገለገለ ማሽን ምን ይታይበታል? ከሁለቱ የጭስ ማውጫዎች ወደ ኋላ፣ ወደ ጅራቱ የሄደ ጥላሸት። ፀሐይ ያነጣው የላይኛው ጎን ቀለም። በሩ ሥርና መወጣጫው ላይ ሰው በጫማ የረገጠው። ጎማው ላይ የያዘ አቧራ። ጥላሸቱን ከእርሳስ ዱቄት ወይም ከከሰል ፈጭታችሁ በለስላሳ ብሩሽ ቀቡ፤ ጥቁር ቀለም ከመርጨት የበለጠ እውነት ይመስላል። ጭስ ማውጫውን ራሱን ከጣሳ ጠቅልላችሁ ብትሠሩት አፉ ስስ ይሆናል፣ የኪቱ ወፍራም ከንፈር ይቀራል።

ፎቶን በተመለከተ ቀልድ የለም። በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ አጥር አጠገብ ቆሞ ወታደራዊ ነገር ፎቶ ማንሳት ጣጣ ነው፣ ለጀማሪ ልጅ ደግሞ ይህን መምከር ኃላፊነት የጎደለው ነው። አንድ ልጅ ለሞዴል ብሎ ስልኩንም ራሱንም ችግር ውስጥ እንዲከት አልፈልግም። ጥቅምም የለውም። ከሩቅና ከሥር የተነሳ ፎቶ እምብርቱን አያሳይም፣ የውስጡን አያሳይም። ሚ-8 በዓለም ላይ በጣም ብዙ ከተመረቱት ሄሊኮፕተሮች አንዱ ነው፤ የመጀመሪያው ናሙና የበረረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ሞስኮ አጠገብ ያለውን የሞኒኖ ሙዚየም ጨምሮ ብዙ ሙዚየሞች ውስጥ ቆሞ ይታያል። ጎብኚዎች ከጎማው እስከ ሮተሩ ተጠግተው ያነሷቸው ፎቶዎች ሞልተዋል። አንድ ብቻ አትመኑ፤ ሁለት ሦስቱን አስተያዩ፣ ሥሪቱም አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ጸሐፊው ትክክል የሆነበት ነጥብም አለ። ሪቬት (ላሜራዎቹን የሚያያይዘውን ምስማር) ለማሳየት በየቦታው አትብሱ ይላል፣ እስማማለሁ። 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የሪቬት ራስ በ72 ሲካፈል 0.07 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይታይም። በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ ሰውነት ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። ትልልቆቹን የላሜራ መጋጠሚያዎች ብቻ በስሱ ጫር ማድረግ ይበቃል።

ወደ ልማዱ እንምጣ፣ እዚህ ከተማ በልክ የመሥራት ልማድ የለም ወደሚለው። ሐይቁ ዳር ለጎብኚ የሚሸጡትን ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች ጸሐፊው አይቶ አያውቅም ማለት አልችልም፣ ባሕር ዳር ኖሮ ሳያይ የሚቀር የለም። አንዷን አንስታችሁ ተመልከቱ። ደንገሉ ተመርጦ፣ ቀጭን ቀጭኑ ተለይቶ፣ እስሩ በትልቁ ታንኳ ላይ በሚታሰርበት መልኩ ነው የታሰረው፤ አፍንጫዋ የሚቀናበትም መንገድ ያው ነው። ትልቁን የሚያውቅ እጅ ነው ትንሹን የሠራው። ሞዴል ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? በልክ ለመለካትም ቢሆን፣ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተቋም በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ነው። ንድፍ ማንበብ፣ በካሊፐር መለካት፣ ብረት መሞረድ በዚህ ከተማ ስንት ትውልድ የተማረው ነገር ነው። ፖሊ የተማረ አጎት ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ፈልጋችሁ አምጡልኝ።

የጦር መሣሪያ ስለሆነ ልጆች አይንኩት የሚለውን ሳላከብር አላልፍም። በዚህ አካባቢ የሄሊኮፕተር ድምፅ የሚያስደነግጠው ሰው አለ፤ የሱን ስሜት ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ቤታችሁ እንደዚያ ያለ ሰው ካለ ሞዴሉን ሳሎን አታስቀምጡት፣ ጠይቁ። ግን ሚ-8 ማለት ጦርነት ብቻ ነው መባሉን አልቀበልም። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ሚ-8ዎችን ለእርዳታ ልካለች። ፖላንድም የራሷን የእርዳታ የሄሊኮፕተር ቡድን ላከች። የፖላንዶቹ ሚ-8ዎች መንገድ ወደማይደርስበት ቀድመው ሄደው እህል የሚጣልበትን ቦታ ይመለከቱና ያዘጋጁ ነበር፤ ከዚያ ሄርኩለስ የሚባሉት የእንግሊዝና ትራንሳል የሚባሉት የምዕራብ ጀርመን የጭነት አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህሉን ይጥሉ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል፣ የሁለቱም ጎራ አውሮፕላኖች፣ አንድ ማሳ ላይ። ልጄ ሚ-8 ልሥራ ቢለኝ ይህን እነግረዋለሁ፣ የሮኬት መያዣዎቹን ሳንገጥም የኋላ በሮቹን ከፍተን ከውስጥ ጆንያ እንደረድራለን። ጆንያው ከተጠቀለለ ሶፍትና ከኮላ ይሠራል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 72 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ልክ ነው።

ልጅ ባይነካው የሚሻለው ምላጩን፣ መርፌውንና ሱፐር ግሉን ነው፤ እነሱን ትልቅ ሰው ይያዝ። የቀረውን ይሥራ። ከጎማው ቢጀምር ጥሩ ነው፦ የእውነተኛው የኋላ ጎማ ቁመት 865 ሚሊ ሜትር፣ የፊቱ 595 ነው። ማስመሪያ ስጡት፣ ለ72 ያካፍል። 12ና 8.3 ሚሊ ሜትር ሲያገኝ የኪቱን ጎማዎች ይለካና ልክ መሆን አለመሆናቸውን ራሱ ይንገራችሁ። የፊቱ ጎማ ጥንድ መሆኑንም ይይ፤ አንዱ ከሳጥኑ ውስጥ ወድቆ እንዳይቀር።